ሳጥኑ ይጠገን፣ ዲስኩ ይቀየር፦ የቤት ዳታ ማከማቻ በራያ ቆላ

ከወልድያ ተነስቶ ቆቦንና ዋጃን አልፎ ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ያሉ ከተሞች ፎቶና ቪዲዮ ቤት አያጡም። የጥር ሰርግ ይቀረጻል፤ የሚያዝያውም ይቀረጻል፤ ነሐሴ ላይ የሶለል ልጃገረዶች ጨዋታ ይቀረጻል፤ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ ተዝካሩ ሁሉ ካሜራ ፊት ያልፋል። ባለሰርጎቹ ኤዲት የተደረገውን በፍላሽ ተቀብለው ይሄዳሉ። ጥሬው ቀረጻ፣ ያልተቆረጠው፣ አያቶች ሲመርቁ ድምፃቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለበት፣ ቀራጩ ቤት ይቀራል። የሚቀመጠውም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በተደረደሩ ሃርድ ዲስኮች ወይም በኪስ በሚያዙ የውጭ ዲስኮች ነው። አቅሙ ያለው ደግሞ ሁለት ዲስክ የሚጎርስ ትንሽ ሳጥን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝቶ ቤቱ ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ ያካፍላል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብም እንዲህ ያለ ሳጥን በሻንጣ ሊደርሰው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሆኖ።

ዓመታት ሲያልፉ ሳጥኑ ያረጃል። መብራቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ፋኑ ይንቋቋል፤ አንዱ ዲስክ ቀይ ያበራል፤ አለዚያም አዲስ የተገዛው ላፕቶፕ ሳጥኑን ጨርሶ አላየሁትም ይላል። ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

በእኔ እምነት ጥያቄው መጀመሪያ መከፈል አለበት። ሳጥኑ ውስጥ አብረው የሚኖሩት ሦስት ነገሮች እኩል አያረጁም። ኤሌክትሮኒክሱ፣ ማለትም አዳፕተሩ፣ ቦርዱና ፋኑ፣ ብዙ ጊዜ ይጠገናል፤ መጠገንም አለበት። ዲስኩ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ሶፍትዌሩ ሲያረጅ ሳጥኑ ሳይጣል ከኢንተርኔት መነጠል ይኖርበታል። ከሦስቱም የሚቀድም ሥራ ግን አለ፤ እሱም ቅጂ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ሰው ስለ ጥገና የሚወስነው ውሳኔ ሁሉ ቁማር ነው።

ነገሩ ለራያ ሰው ከዕቃ በላይ ነው። ሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ከደረሰ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 አካባቢው ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆይቷል። በጳጉሜ 2013 ቆቦ ከተማ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በምርመራው አውጥቷል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው በዚያው በቆቦ አካባቢ እንደገና ተነሳ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ድረስም የቤቱን ዕቃ ትቶ የሸሸ ሰው ጥቂት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው ለሞተበት ቤተሰብ፣ የሞተው ልጅ በጓደኛው ሰርግ ላይ ሲጨፍር የሚታይበት ሁለት ደቂቃ በምን ይተካል? ያ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ምናልባት ያለው አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ዲስክ ላይ ነው።

ከኤሌክትሮኒክሱ ልጀምር፤ በዋጃ አየር ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። የራያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 እና 1,500 ሜትር አካባቢ የተዘረጋ ቆላ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ዝናብ እስኪጥል ባዶውን ከሚውለው ማሳ የሚነሳውን አቧራ ፋኑ ከአየሩ ጋር ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በአዳፕተሩና በቦርዱ ላይ የቆሙት ክብ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ ነው፤ ሙቀት ያደርቀዋል። መሐንዲሶች ዘንድ የቆየ ስሌት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ደጋ ላይ አሥር ዓመት የሚያገለግል አዳፕተር ቆላ ላይ በአምስት ዓመቱ ቢደክም የሚያስገርም አይደለም።

አዳፕተር ሲደክም የሚያሳየው ምልክት ሰውን ያሳስታል። ሳጥኑ ይነሳል፤ ዲስኮቹ መዞር ሲጀምሩ ድርግም ይላል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይጠፋል። ባለቤቱ ዲስኩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ዲስክ ከቆመበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ከወትሮው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይስባል፤ የደከመው አዳፕተር ያንን ጭነት አይችልም፣ 12 ቮልቱ ይወርዳል። ስለዚህ ማንም ሰው ሳጥኔ ሞተ ከማለቱ በፊት ሌላ አዳፕተር ይሞክር። ቮልቱ ያው መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቀማመጥም አንድ ዓይነት። ይህ ቴሌቪዥንና ዲኮደር የሚጠግን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። አናቱ ያበጠ ወይም ያንጠባጠበ ካፓሲተር ካገኘም መጠኑ እኩል፣ ቮልቱ ከቀድሞው የማያንስ፣ እስከ 105 ዲግሪ እንዲችል የተሠራውን ይበይድበት። ሳጥኑ ከዚህ በኋላ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

የቦርድ ብልሽት ሁሉ የሞት ፍርድ እንዳልሆነ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አተም ሲ2000 የተባለ ፕሮሰሰር ውስጡ ያለው የሰዓት ምልክት መስመር በጊዜ ብዛት እየደከመ ይሞት ነበር። ችግሩ በ2017 መጀመሪያ ይፋ ወጣ። በዚያ ፕሮሰሰር የተሠሩ የሲኖሎጂ ሳጥኖችና የሌሎች ኩባንያዎች ዕቃዎች ከዓመታት አገልግሎት በኋላ አንድ ቀን ጠፍተው አልነሳ አሉ። ሲኖሎጂ ለተጎዱት ሞዴሎች ዋስትናውን አራዘመ፤ ዋስትናው ያለፈባቸው ሰዎች ግን ቦርዱ ላይ 100 ኦም አካባቢ የሆነች አንዲት ሬዚስተር በመበየድ ብዙ ሳጥን ከሞት አስነሱ። ሬዚስተሯ ዋጋዋ ከሻይ አይበልጥም። እርግጥ ያ ብየዳ የወደቀውን መስመር ይደግፋል እንጂ አዲስ አያደርገውም፤ እንዲህ የተነሳ ሳጥን መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ መሆን አለበት።

መብራት ሲሄድ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው፤ ሲመለስ የሚያደርሰው ደግሞ ሌላ። ሲሄድ፣ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ከነበረ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የፋይሎቹ ዝርዝር ራሱ ግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ሲመለስ ቮልቱ ከ220 በላይ ዘሎ፣ ወርዶ፣ እንደገና ዘሎ ነው የሚረጋው። ስታቢላይዘር የሁለተኛውን ጉዳት ይቀንሳል፤ የመጀመሪያውን የሚከላከለው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ ያላቸው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር ከጀርባው የሚወጣው የዩኤስቢ ገመድ ነው። ያ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ከተያያዘ ሳጥኑ መብራት መሄዱን አውቆ፣ ባትሪው ሳያልቅ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ያልተያያዘ ከሆነ ዩፒኤሱ የሚሰጠው የጥቂት ደቂቃ ዕድሜ ብቻ ነው፤ ሰው በሌለበት ሰዓት ውጤቱ ያው ነው። የዩፒኤስ የእርሳስ ባትሪ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል ተብሎ የተሠራ ነው፤ በዋጃ ሙቀት ከዚያ ቀድሞ መፈተሽ ይገባዋል። ሶላር ያለው ሰው ደግሞ ሳጥኑን ባትሪው ላይ በቀጥታ እንዳይሰካ አደራ እላለሁ። 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት ያልፋል፤ መሃል ላይ ቮልቱን አርግቶ የሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ወደ ዲስኩ እንምጣ።

ሃርድ ዲስክ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያነበው ራስ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከጸጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ክፍተት በአየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። ተራው ዲስክ በአየር ስለሚንሳፈፍ አምራቾቹ የከፍታ ገደብ እንኳ አበጅተውለታል፤ ለአብዛኞቹ 3,048 ሜትር ነው። ራያ ላይ ይህ አያሳስብም፤ መንዝ ጓሳ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ልብ የሚባል ነገር ነው። ይህን ካወቅን አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ዲስክን በተራ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ ማየት መግደል ነው። በራያ አየር ላይ ያለች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዚያ ክፍተት ተራራ ናት። የተቃጠለ የዲስክ ቦርድን ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ በተነቀለ መተካትም በአሮጌዎቹ ዲስኮች ይሠራ የነበረ ዘዴ ነው። በኋላ የመጡት ግን እያንዳንዱ ዲስክ የራሱን የልኬት መረጃ በቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ይይዛል፤ ቺፗ አብራ ካልተዛወረች አዲሱ ቦርድ ሳህኑን ማንበብ አይችልም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት የሚለውን ምክር ደግሞ ማንም እንዳይሰማ። ከማቀዝቀዣ ወደ ቆላ ሙቀት የወጣ ዲስክ ላብ ይዞት ይወጣል።

ዲስኩ ከመሞቱ በፊት ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው ካለ። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ጤና የሚመዘግብበት ስማርት የሚባል መዝገብ አለው፤ በሳጥኑ ሶፍትዌር ውስጥ ወይም በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ይታያል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 የተባሉትን ተመልከቱ። 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ናቸው፤ 197 አጠራጣሪ ሆነው ፍርድ የሚጠብቁ፤ 198 ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉ። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ደህና። ከዜሮ ከተነሱና ከሳምንት ሳምንት ከጨመሩ ዲስኩ መንገድ ጀምሯል። የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በፍተሻ የመጀመሪያ ስህተቱ የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ያው ጥናት ሌላ ያልተጠበቀ ነገርም አሳይቷል፤ መካከለኛ ሙቀት ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል ዲስክ አይገድልም፤ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በጣም ከፍ ባለ ሙቀትና ዕድሜያቸው በገፋ ዲስኮች ላይ ነው። የቆላ አሮጌ ዲስክ ደግሞ ሁለቱን አሟልቶ ይገኛል።

ሁለት ዲስክ ያለው ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይዋቀራል፤ ሬይድ አንድ ይባላል። ሰው በዚህ ተማምኖ ሌላ ቅጂ ሳይዝ ይኖራል። ሁለቱ ዲስኮች ግን በአንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ ሙቀት የኖሩ፣ እኩል የዞሩ ናቸው። በአንድ ገበያ ተገዝተው አንድ ዕድሜ እንዳረሱ ጥማድ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን ቀንበሩን እንዲጎትት ይፈረድበታል። አዲስ ዲስክ ሲገባ ሳጥኑ የቀረውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ለብዙ ሰዓታት ያለ እረፍት ያነበዋል፤ ድካሙ የሚወጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ አንዱ ዲስክ ሲሞት መጀመሪያ ከቀረው ላይ የማይተካውን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፤ አዲሱን ዲስክ ከዚያ በኋላ አስገቡ። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፣ አንድ ቀን ዘግይቶ።

ሌላም አለ። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ያድናል እንጂ በስህተት የተደመሰሰውን፣ በቫይረስ የተቆለፈውን፣ ከቤት የተሰረቀውን አይመልስም። አንዱ ላይ የተደመሰሰው በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ ይደመሰሳል።

ምትክ ዲስክ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዲስኮች የመረጃ መስመሮቻቸውን እንደ ቤት ክዳን ንጣፍ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይጽፋሉ፤ ኤስኤምአር ይባላሉ፤ ለማስቀመጫ ይሆናሉ፣ ለሬይድ ግን ሲገለብጡ ይንቀራፈፋሉ፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ይጣላሉ። ዌስተርን ዲጂታል ለሳጥን ብሎ በሚሸጠው ሬድ በተሰኘው ምርቱ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዲስኮች መኖራቸውን ያመነው ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደንበኞቹም ከሰውታል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የሠሩበት ሰዓት ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲሸጡ አውሮፓ ውስጥ ተገኙ። ማታለያው የታወቀው ዲስኩ ውስጥ ካለ ሌላ ጥልቅ መዝገብ ሰዓቱ ሲወጣ ነው። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ከሆነ መርካቶ ላይ በእጅ የሚሸጥን ዲስክ ሳይፈትሹ መቀበል አይገባም። ፍላሽ ላይ ደግሞ 2 ቴራ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 32 ጊጋ የሆነ ሞልቷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ የሚያነብ መፈተሻ ሳያልፍ ሰርግ አይቀመጥበት።

አሁን ደግሞ ሳጥኑም ዲስኩም ደህና ሆነው ሞተ ወደሚባልበት ጉዳይ። አዲስ ላፕቶፕ ተገዛ፤ የድሮው ሳጥን ኔትወርኩ ላይ አይታይም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቋንቋ ጉዳይ ነው። አሮጌ ሳጥኖች ፋይል የሚያካፍሉት ኤስኤምቢ አንድ በሚባል የቆየ ሥርዓት ነው። ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተሰኘ ቫይረስ የተስፋፋው በዚያው ሥርዓት ቀዳዳ በኩል ነበር። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጨረሻ ካወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት ጀምሮ ሥርዓቱን በአዳዲስ ጭነቶች ላይ አያስገባም። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት ደግሞ በፕሮ እትሙ ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን ይከለክላል፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነትም ፊርማ ይጠይቃል። ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ላፕቶፑ ግን በሩን ዘግቶበታል። መፍትሔው የሳጥኑን ሶፍትዌር ማደስ፣ ኤስኤምቢ ሁለት ወይም ሦስትን ማብራት፣ ለተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል መስጠት ነው። አምራቹ ማደሻ ካቆመ ግን የላፕቶፑን በር መልሶ ከመክፈት ይልቅ ውስጡ ያለውን በአሮጌ ኮምፒውተር በኩል አውጥቶ ሳጥኑን ማሰናበት ይሻላል።

ማደሻ የቆመለት ሳጥን ከኢንተርኔት ጋር ሲያያዝ ምን እንደሚደርስበት ሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ማይ ቡክ ላይቭ የተባሉ የዌስተርን ዲጂታል ሳጥኖች የመጨረሻ ማደሻቸውን ያገኙት በ2015 ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በርቀት የገቡ ሰዎች ፋብሪካ እንደወጡ አድርገው አጠቧቸው። ባለቤቶቹ ጠዋት ሲነሱ የልጆቻቸው ፎቶ በሙሉ ጠፍቶ አገኙት። አሮጌ ሳጥን ካላችሁ ከውጭ መግቢያውን አጥፉ፤ ራውተሩ ላይ የተከፈተለት በር ካለ ዝጉ፤ ለቤት ውስጥ ብቻ ያገልግል።

ሳጥኑ ራሱ ቢሞትና ዲስኮቹ ቢተርፉ፣ ሁሉንም የሚያጠፋ አንድ ቅጽበት አለ፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ባለቤቱ ዲስኩን አውጥቶ ዊንዶውስ ላይ ይሰካዋል። አብዛኞቹ ሳጥኖች የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለ ሥርዓት ነው፤ ፋይሎቹም የሚቀመጡት ዊንዶውስ በማያውቀው አደረጃጀት ነው። ዊንዶውስ የማያውቀውን ዲስክ ሲያይ ፎርማት ላድርገው? ብሎ ይጠይቃል። ሰው እሺ ይላል። ዲስኩ ያኔ ባዶ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ከተጻፈበት በእርግጥም ይጠፋል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው። ዲስኩን ከማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስቶ፣ ለማንበብ ብቻ መክፈት ይቻላል፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆኑት ሁለት ዲስኮች አንዱ ብቻ ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ወልድያ ወይም ደሴ ይገኛል፤ እስኪገኝ ዲስኩን ነቅሎ ማስቀመጥ ምንም አያጎድልም።

በዩኤስቢ የሚሰኩት የውጭ ዲስኮች ጉዳይ ይከብዳል። ማይ ቡክ በሚባሉት ብዙዎቹ ላይ ዩኤስቢውን የሚያገናኘው ትንሽ ቦርድ ባለቤቱ ይለፍ ቃል ባይሰጥ እንኳ ዳታውን ይመሰጥራል፤ ቦርዱ ከተቃጠለ ዲስኩ ሌላ ቦታ ቢሰካ ትርጉም የሌለው ነገር ነው የሚታየው። በትንንሾቹ ላይ ደግሞ የዩኤስቢው ቀዳዳ ዲስኩ ላይ በቀጥታ የተበየደ ነው። ቀዳዳው ከላላ ብየዳ የሚችል ሰው ይጠግነው እንጂ በሽቦ እያስደገፉ ዓመት መግፋት አያዛልቅም።

ታዲያ መቼ ነው መቀየር የሚሻለው? የብር ዋጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሳጥንም ዲስክም በዶላር የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ አዳፕተር፣ ፋን፣ የሰዓት ባትሪ፣ ካፓሲተር የሚያስነሳው ሳጥን ሁሉ ይጠገን፤ የተረፈው ገንዘብ ዲስክ ይግዛበት። ዋናው ፕሮሰሰር ከሞተ፣ ማደሻው ከቆመና ከውጭ መግባት የግድ ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ ዛሬ የሚሸጡትን ትልልቅ ዲስኮች የማይቀበል ከሆነ ይቀየር። አዲስ ሳጥን ለመግዛት አቅም ለሌለው፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኦፕን ሚዲያ ቮልት የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ ያንኑ ሥራ ማሠራት ይቻላል። ጉድለቱ ኃይል ነው፤ ሁለት ዲስክ ያለው ሳጥን 15 እና 20 ዋት አካባቢ ሲበላ አሮጌ ዴስክቶፕ 60 ዋትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል፤ በዩፒኤስና በሶላር ለሚኖር ቤት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለቀረጻ ቤት ዴስክቶፑ ጥሩ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ይጠፋል። ቀንና ሌሊት ለሚበራ የቤተሰብ ማከማቻ ግን ሳጥኑን እመርጣለሁ።

ሁሉን ወደ ኢንተርኔት ማውጣት አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ለፎቶ፣ አዎ፣ ይረዳል። ብዙ ቤተሰብ ቴሌግራምን እንደ አልበም ይጠቀምበታል፤ ፎቶን በተራው መንገድ ሲልኩት ግን ይጨምቀዋል፤ ፋይል አድርጎ መላክ ያስፈልጋል፤ በነፃው አካውንት አንድ ፋይልም ከ2 ጊጋ መብለጥ የለበትም። ጥሬ የሰርግ ቀረጻ ሌላ ነገር ነው። 500 ጊጋ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ሳይቋረጥ የሚለው ቃል ዋጃ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ነዋሪው ያውቀዋል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ኢንተርኔት አንድ ቅጂ ይሁን፤ ብቸኛው ቅጂ ግን አይሁን።

የሚያዛልቀው ዲስክ በመንገድ ተሳፍሮ የሚሄድበት ዘዴ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የጥርና የሚያዝያ የሰርግ ወራት ሲያልፉ፣ የማይተካው ሁሉ ወደ አንድ የውጭ ዲስክ ተገልብጦ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ከተማ ሲጨነቅ የሌላ ከተማ ቅጂ ይተርፋል። ይህ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም ገዳሙ ውስጥ አለ፤ ብራናው ጠንካራ ነው ተብሎ ብቻ ግን አልተተወም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ያንን ወንጌል በቁጥር 1832 አነሳው፤ የፊልሞቹ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወዳለው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት እዚያ ሆነው ነው። ሰባት መቶ ዓመት ለቆየ ብራና ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ምድር አስፈላጊ ከሆነ፣ አምስት ዓመት ለሚኖር ዲስክ ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን?

የተገለበጠው ዲስክ ሲመለስ ደግሞ ይከፈት። ሳይሰካ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ዲስክ ያለ ማስጠንቀቂያ አልነሳም ሊል ይችላል። ጥቂት ፋይሎች፣ ከየዓመቱ አንድ አንድ፣ እስከ መጨረሻው ይታዩ፤ ዝርዝሩ መታየቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ያለቀለት ዲስክ መጣያ ላይ አይውደቅ። ውስጡ የሰው ሰርግ፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ለቅሶ አለ። የሚሠራ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ይጻፍበት፤ የማይሠራ ከሆነ ሳህኑ ይወጋ። የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አወጋገዱን ለይቶ ደንግጓል፤ ዩፒኤሱ ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪም ከአፈርና ከከብት ውኃ መራቅ አለበት።

ቀረጻ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን አድርጉ። ባለሰርጉ ፍላሹን ሲወስድ ጥሬው ቀረጻ እስከ መቼ እንደሚቆይለት ንገሩት፤ ከፈለገም ባዶ ዲስክ ይዞ መጥቶ ሙሉውን እንዲወስድ ፍቀዱለት። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ባለቤቱ ዘንድ፣ በሌላ ጣሪያ ሥር፣ ያለ ምንም ወጪ ተገኘ ማለት ነው። የሳጥኑ ይለፍ ቃልና የትኛው ዲስክ የት እንዳለ የሚገልጽ ወረቀትም ከሚስት፣ ከወንድም ወይም ከሥራ ባልደረባ ዘንድ ይቀመጥ፤ በላዩም ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ አትክፈቱ፣ ፎርማት ካለም እሺ አትበሉት ተብሎ ይጻፍበት።